ወይራ ለወተት ስላማረ ለዶሮና ለዓሣም ያምራል? ምግብ የሚታጠንበትን እንጨት ስለመምረጥ

ጥያቄ፦ «የቢሾፍቱ ነዋሪ ነኝ። ሁለት መቶ ሊትር በርሜል አስበስቼ ዶሮና ቆሮሶ ዓሣ በጭስ ማብሰል ጀምሬአለሁ። መጀመሪያ ከአናጢ ቤት ያመጣሁትን የጥድ ሰጋቱራ ተጠቀምኩ፤ ቀጥሎ ባሕር ዛፍ ጨመርኩ። ጭሱ እንዲበዛ ብዬም እንጨቱን ሌሊቱን ውሃ ውስጥ ዘፈዘፍኩት። ዶሮው ጠቁሮ ወጣ፤ ምላስ የሚያደነዝዝ ምሬት አለው። እናቴ የእርጎ ቅሏን በወይራ ስታጥን ቤቱን የሚሞላ መዓዛ ይወጣል። ለሥጋም ወይራ ብጠቀም ይሻላል? ከአገራችን እንጨት የትኛው ለምን ይሆናል? ቅሉንስ እዚያው በርሜል ውስጥ ባጥነው ችግር አለው?»

ምላሽ፦ ምሬቱ ከአንድ ቦታ አልመጣም። ሙጫና ዘይት ያለበት እንጨት፣ ውሃ የጠገበ እንጨትና አየር ያጣ እሳት በአንድ በርሜል ተገናኝተዋል። ጥዱንና ባሕር ዛፉን በወይራ ቢተኩ ከሦስቱ አንዱን ብቻ ነው የሚያስተካክሉት፤ ወይራውም ተዘፍዝፎና ቀዳዳው ተደፍኖ ከጨሰ ዶሮው መልሶ ይመርራል። ብዙ ሰው የእንጨቱ ዓይነት ያስጨንቀዋል። ከዓይነቱ በፊት ግን ድርቀቱና የእሳቱ አያያዝ ይቀድማሉ።

እንጨት ሲሞቅ ምን እንደሚሆን ማወቅ ምርጫውን ያቀልልዎታል። ማንኛውም እንጨት በዋናነት ከሴሉሎስ፣ ከሄሚሴሉሎስና ከሊግኒን የተሠራ ነው። ሄሚሴሉሎስ ቀድሞ፣ ከ200 እስከ 300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ይፈርሳል። ከእሱና ከሴሉሎስ የሚወጡት ውህዶች ለሥጋው ቡናማ ቀለምና ትንሽ ኮምጠጥ ያለ ጣዕም ይሰጡታል። «የጭስ ሽታ» የምንለው ግን የሊግኒን ሥራ ነው፤ ሊግኒን ሲፈርስ ጓያኮልና ሲሪንጎል የሚባሉ ውህዶችን ይለቃል፤ ጓያኮል በይበልጥ ጣዕሙን፣ ሲሪንጎል በይበልጥ መዓዛውን ይሸከማል። ሰፋፊ ቅጠል ያላቸው ዛፎች ሁለቱንም ይሰጣሉ። የጥድ ወገን ሲሪንጎል የለውም ማለት ይቻላል፤ በምትኩ ሙጫ አለው። ሙቀቱ ከ400 ዲግሪ እያለፈ ሲሄድ ደግሞ ካንሰር የሚያመጣው ቤንዞፓይሪን በጭሱ ውስጥ ይበዛል፤ ስብ ፍም ላይ ሲንጠባጠብም እንዲሁ። የአውሮፓ ኅብረት በታጠነ ሥጋ ውስጥ በኪሎ ከ2 ማይክሮግራም በላይ እንዳይኖር የከለከለው ይህንኑ ነው። ስለዚህ የምንፈልገው እንጨቱ ሳይንቀለቀል በዝግታ የሚጨስበትን ሁኔታ ነው።

ጥድን ለምግብ አይጠቀሙበት። የሐበሻውም ሆነ የፈረንጁ ጥድ፣ ሙጫው ሲቃጠል ጥላሸት የተሞላ ጥቁር ጭስ ያወጣል፤ ያ ጥላሸት ከዶሮው ቆዳ ጋር ተጣብቆ የሚቀር፣ ታጥቦ የማይለቅ ነገር ነው። ባሕር ዛፍ ከጥድ ወገን ባይሆንም ዘይቱ ያው ለጉንፋን የምንታጠነው ዘይት ነው። እንጀራ ቢጋገርበት ችግር የለውም፤ በእንጀራውና በእሳቱ መካከል የሸክላ ምጣድ አለና። በጭሱ ውስጥ ተንጠልጥሎ የሚበስል ሥጋ ግን ያን የመድኃኒት ሽታ ሙሉ በሙሉ ይጠጣዋል። ሰጋቱራው ደግሞ ሌላ አደጋ አለው። አናጢ ቤት ወለል ላይ ጥዱ ከኤምዲኤፍ፣ ከቺፑድና ከኮምፔንሳቶ ብናኝ ጋር ይደባለቃል፤ በእነዚህ ውስጥ ያለው ሙጫ ሲቃጠል የሚወጣው መርዛማ ጋዝ ነው። ቀለም ወይም ቫርኒሽ የነካው፣ ምስጥ እንዳይበላው በኬሚካል የተነከረ፣ ከዕቃ መጫኛ ፓሌት የተፈታ ጣውላም ያው ነው። ምንጩን የማያውቁትን ሰጋቱራ አይጠቀሙ፤ ምንጩን ቢያውቁት እንኳ ብናኝ ቶሎ ስለሚነድ ለበርሜል ፍልጥ ይሻላል።

ስለ መዘፍዘፍ። ሌሊቱን ውሃ ውስጥ ያደረ ጠንካራ እንጨት ውሃው ወደ ውስጡ ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ነው የሚገባው። ፍም ላይ ሲያደርጉት መጀመሪያ የሚወጣው ነጭ ነገር ጭስ አይደለም፤ እንፋሎት ነው። እንፋሎቱ እስኪያልቅ ፍሙን ያቀዘቅዛል፤ የቀዘቀዘ ፍም ላይ ያለ እንጨት ደግሞ አጉል ይጨሳል፤ ሬንጅ የሚመስል መራራ ቅሪትም ይተዋል። እርጥብ እንጨት ከዚያም ይብሳል፤ ገና የተቆረጠ ዛፍ ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ውሃ ሊሆን ይችላል። ለማጠኛ የሚፈለገው እርጥበት ከ15 እስከ 20 በመቶ ነው። መለኪያ መሣሪያ አያስፈልግዎትም። እንጨቱን በክንድ ርዝመት ቆርጠው፣ ፈልጠው፣ ዝናብ በማያገኘው ነፋሻ ቦታ ከመሬት ከፍ አድርገው ይደርድሩት። አንድ ፍልጥ ላይ ምልክት አድርገው በየወሩ ይመዝኑት፤ ክብደቱ መቀነስ ሲያቆም ደርቋል። ብዙውን ጊዜ ስድስት ወር ይበቃዋል፤ ወይራና ግራር ግን ጥቅጥቅ ስላሉ አንድ ዓመት ቢቆዩ ይመረጣል። ሁለት ደረቅ ፍልጦች ሲጋጩ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣሉ፤ እርጥቦቹ ድፍን ያለ ድምፅ አላቸው። ሻጋታ ያለበትን፣ ነጭም ሆነ አረንጓዴ፣ ከክምሩ አውጥተው ይጣሉት።

ጭሱ ሲበዛ ጣዕሙ ይበዛል የሚለው ግምት ነው ዶሮዎን ያበላሸው። ጥሩ ጭስ ለዓይን ስስ ነው፤ ከጀርባው ያለውን ግድግዳ ያሳያል፤ ብርሃን ሲያርፍበት ሰማያዊ ይመስላል። ድፍን ያለ ነጭ ጭስ እንጨቱ በቂ ሙቀትና አየር አለማግኘቱን ይናገራል። ዶሮው ከመግባቱ በፊት በቀላሉ የሚረጋገጥበት መንገድ አለ። ነጭ የሸክላ ሳህን በክዳኑ የጭስ መውጫ ላይ ለአንድ ደቂቃ ያህል ያዙበት፤ ከዚያ በጣትዎ ጠረግ ያድርጉት። ሳህኑ ላይ ቀለል ያለ ቢጫ ጥላ ብቻ ካለ ሥጋው ይግባ። ቡናማ ሆኖ ጣት ላይ የሚጣበቅ ነገር ካገኙ ያው ነገር ነው ዶሮው ላይ የሚቀመጠው፤ የታችኛውን ቀዳዳ ከፍተው አሥር ደቂቃ ይጠብቁና እንደገና ይሞክሩ። የላይኛው መውጫ ሁልጊዜ ሙሉ በሙሉ ክፍት ይሁን። ሙቀት የሚቆጣጠሩት በታችኛው ቀዳዳ ብቻ ነው። ከላይ ሲደፍኑት ጭሱ ታምቆ ይቀዘቅዝና በሥጋው ላይ ይረጋል፤ እርስዎ ጭሱን ለመያዝ ብለው የደፈኑት ይመስለኛል።

አሁን ወደ ወይራው። ወይራ ምርጥ የማጠኛ እንጨት ነው፤ የወተት ዕቃ የሚያጥኑ እናቶች የመረጡት ያለ ምክንያት አይደለም። ሙጫ የለውም፣ ጥቅጥቅ ያለ ነው፣ ፍሙ ይቆያል፣ ጭሱ ጣፋጭነት ያለው ሽታ አለው። ነገር ግን ቅል ሲታጠን ጭሱ የሚነካው የቅሉን ግድግዳ ነው፣ ለዚያውም ለጥቂት ደቂቃ፤ ወተቱ የሚያገኘው ከግድግዳው የሚፈልሰውን ብቻ ነው። ዶሮ ግን ሁለት ሰዓት ሙሉ ጭሱ ውስጥ ይቀመጣል። መጠኑ ሳይቀነስ በዚያው ልማድ ወይራ ከተቆለለበት መዓዛው ወደ ምሬት ይዞራል። ለአንድ ዶሮ ከ100 ግራም ያልበለጠ፣ ማለትም አውራ ጣት የሚያህሉ አራት ወይም አምስት ስንጣሪዎች፣ ቅርፊቱና ቅጠሉ ተገፎ፣ ይበቃል። ውስጡ ቡናማ ሆኖ ጠቆር ያለ መስመር ያለበት፣ ከመጠኑ በላይ የሚከብድ ከሆነ ትክክለኛው ነው። በገበያ ለሴቶች የጭስ መታጠኛ የሚሸጠው ወይባ በስም ቢቀርበውም ሌላ ዛፍ ነው፤ አይለዋወጡ። ወይራ ለማደግ ረጅም ዘመን የሚወስድ፣ እየተመናመነም ያለ ዛፍ ስለሆነ ከተገረዘ ቅርንጫፍ እንጂ ከተገነደሰ ግንድ አይግዙ፤ ለዚህ ሥራ ቅርንጫፉ ግንዱን ያህል ይሆናል።

ከአገራችን እንጨት ለማጠን የማስቀድማቸው የፍራፍሬ ዛፎችን ነው። ኮክ በብዙ ግቢ አለ፤ ጭሱ ለስላሳ ነው፤ ዓሣን አይሸፍነውም፤ ዶሮን ደግሞ ደስ የሚል ቀይ ቡናማ ያደርገዋል። ፖም ከእሱ ይበልጥ ቀለል ይላል። በጨንቻና በሌላው የጋሞ ደጋ ፖም የሚያለሙ ገበሬዎች በየዓመቱ ስለሚገርዙ ቅርንጫፉ ይገኛል፤ ጸረ ተባይ መቼ እንደተረጨ ጠይቀው ብቻ ይውሰዱ። የዘይቱን (ጉዋቫ) እንጨት ከኮክ ትንሽ ጠንከር ይላል፤ ለዶሮ ጥሩ ነው። ቡና አምራች አካባቢ ዘመድ ካለዎት ደግሞ ያረጀ ቡና ሲጎነደል የሚወጣውን ግንድ ያስላኩ። ጠንካራና ቀጥ ያለ እንጨት ነው፤ እንደ ተቆላ ቡና ይሸታል ብለው አይጠብቁ፤ ያ ሽታ ከፍሬው መቆላት የሚመጣ እንጂ ከእንጨቱ አይደለም። ጭሱ መካከለኛ ነው፤ ለዶሮም ለበግም ይሆናል።

ግራርን ለሙቀት እንጂ ለጭስ አይቁጠሩት። ከሰሉ ጠንካራና ረጅም ዕድሜ ያለው ነው፤ በአዊ የሚመረተው የደከረንስ ከሰልም የግራር ወገን ነው። እንጨቱን ራሱን ካጨሱበት ግን ኃይለኛ ስለሆነ ለበሬ ሥጋ በትንሹ ካልሆነ ለዓሣ አይሆንም። በዚህ ረገድ ሊታሰብበት የሚገባ አንድ ዛፍ አለ፤ አፋር ውስጥ ግጦሹን የወረረው ፕሮሶፒስ። አሜሪካኖች ቴክሳስ ውስጥ ለበሬ ሥጋ የሚያወድሱት ሜስኪት የዚሁ ዛፍ ዘመድ ነው። ሲቆረጥ የሚያዝን የለም፣ ከሰሉም ገበያ ላይ ነው። ጭሱ ግን ከሁሉም የከረረ ነው፤ ቶሎ ለሚጠበስ ሥጋ እንጂ ለሁለት ሰዓት ሥራ አይሆንም። ማንጎን አልመክርም። ሙጫው የአንዳንድ ሰው ቆዳ ያስቆጣል፤ እንጨቱ ሲነድ የሚወጣው ጭስም ዓይንና ሳንባ ሊያቃጥል ይችላል። ሌላ አማራጭ ሞልቶ ሳለ ማንጎ ውስጥ መግባት አያስፈልግም።

ፈጽሞ እሳት ውስጥ መግባት የሌለባቸውም አሉ፦ ቅንጭብ፣ ቁልቋል፣ ጉሎ፣ በየአጥሩ ለውበት የሚተከለው ኦሊያንደር፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ መረንዝ። መረንዝ ለቀስት መርዝ ሲቀመምበት የኖረ፣ ልብን የሚያቆም ዛፍ ነው። የማያውቁትን ዛፍ ቁራጭ፣ ሻጩ የቱንም ያህል ቢምል፣ ሥጋ አጠገብ አያድርሱ። ቅጠሉን አይተው የለዩትን፣ ወይም ከሚያምኑት ሰው ግቢ የተቆረጠውን ብቻ ይጠቀሙ።

በርሜሉን በተመለከተ፣ ኬሚካል ወይም የሞተር ዘይት ይዞ የነበረ ከሆነ ይተውት። የምግብ ዘይት የነበረበትም ቢሆን ውስጡ የተቀባ ሊሆን ስለሚችል ምግብ ሳይገባበት በፊት በትልቅ እሳት ቀለሙ እስኪራገፍ አንድዱትና በሽቦ ብሩሽ ይፈግፍጉት። ፍርግርጉ ከፍሙ 60 ሴንቲሜትር ያህል ይራቅ። ሁለት ኪሎ ከሰል ይበቃል፤ ሩቡን ለብቻው አቀጣጥለው አመድ ሲለብስ በቀሪው ላይ ያፍስሱት። ያልበሰለ ጥሬ ከሰል ካገኙ ለቅመው ያውጡ፤ እሱም እንደ እርጥብ እንጨት ነው የሚጨሰው። ከሰሉን በፌስታል ወይም በነጭ ጋዝ ማቀጣጠል የተለመደ ቢሆንም ሽታው ከሥጋው አይወጣም፤ ደረቅ ጭራሮ ይበቃል። ሥራው ሁሉ ሜዳ ላይ ይሁን፤ ማዕድ ቤት ወይም በር የተዘጋ ጋራዥ ውስጥ የከሰል ጭስ ይገድላል።

ዶሮውን ቆዳውን አይግፈፉት፤ ለወጥ እንጂ ለጭስ ቆዳው ያስፈልጋል፤ ሥጋውን ከመድረቅና ከጥላሸት ይከላከልለታል። በሎሚና በጨው አጥበው ውሃው እየተንጠባጠበ ካስገቡት ጭሱ በጠብታው ላይ ተሰብስቦ ጥቁር መስመር ይሠራል። በጀርባው ሰንጥቀው ዘርጉት፤ ለአንድ ኪሎ 15 ግራም ጨው አሽተው ማቀዝቀዣ ውስጥ ሳይሸፈን ያሳድሩት፤ ላዩ ሲደርቅ ጭሱን እኩል ይቀበላል። በርሜሉ ከ120 እስከ 135 ዲግሪ ሲሆን አስገብተው እንጨቱን አብረው ፍሙ ላይ ያድርጉ። ሥጋ ጭስ በደንብ የሚቀበለው ገና ቀዝቃዛና እርጥበት ያለው ሳለ፣ በመጀመሪያው አንድ ሰዓት ውስጥ ነው፤ ከዚያ በኋላ በከሰሉ ብቻ ይብሰል። በኋላ የሚጨመር እንጨት ከጣዕም ይልቅ ምሬት ነው የሚያክለው። ሁለት ሰዓት ገደማ ይወስዳል፤ ፍርዱ ግን የሰዓቱ ሳይሆን የቴርሞሜትሩ ነው። የጭኑና የደረቱ ወፍራም ሥጋ ውስጥ፣ አጥንት ሳይነካ፣ 74 ዲግሪ ካሳየ በስሏል። ቴርሞሜትሩን በፈላ ውሃ ሲፈትሹ 100 ካላነበበ ተበላሸ ብለው አይጣሉት፤ በቢሾፍቱ ከፍታ ውሃ የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ነው። ያረጀች የሐበሻ ዶሮ በዚህ መንገድ አትለሰልስም፤ ቀድመው ይቀቅሏት ወይም ለወጥ ይተዉአት።

ቆሮሶ ስስ ስለሆነ ስህተት አይችልም። አንጀቱ ወጥቶ፣ ታጥቦ፣ ለሁለት ተከፍሎ በአንድ ሊትር ውሃ 60 ግራም ጨው በተበጠበጠበት ውስጥ አንድ ሰዓት ይቆይ። ከዚያ ዝንብ በማይደርስበት ነፋሻ ጥላ ወይም ማቀዝቀዣ ውስጥ ላዩ ጣት ሲነካው ተለጠፍ እስኪል ይድረቅ። ከ90 እስከ 110 ዲግሪ ባለው በርሜል ውስጥ 60 ግራም የኮክ ወይም የፖም እንጨት ጨምረው አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ያቆዩት፤ ውስጡ ቢያንስ 63 ዲግሪ ይድረስ። ወይራ ለዓሣ ይቅር።

የታጠነ ነገር አይበላሽም የሚል እምነት አለ፤ ይህ ሊገድል የሚችል ስህተት ነው። የእርስዎ ጭስ ለጣዕም ብቻ ነው። ደርቆ እንደ ቋንጣ ያልሆነ፣ በቂ ጨው ያልገባበት የታጠነ ሥጋ ያው እንደማንኛውም የበሰለ ምግብ ነው፤ በሁለት ሰዓት ውስጥ ማቀዝቀዣ ይግባ፣ በሦስት ወይም በአራት ቀን ይበላ። በተለይ ዓሣውን አየር በማያስገባ ፕላስቲክ አሽጎ ውጭ ማስቀመጥ ቦቱሊዝም የሚባለውን በሽታ የሚያመጣ መርዝ የሚያመነጨውን ባክቴሪያ መጋበዝ ነው፤ መርዙ ሽታም ጣዕምም አያሳይም። ከ30 ዲግሪ በታች በቀዝቃዛ ጭስ ማጠንን ደግሞ የጨውንና ሥጋ እንዳይበላሽ የሚጨመረውን የናይትራይት መጠን በግራም መመጠን የሚችል ባለሙያ አጠገብዎ እስካልሆነ ድረስ አይሞክሩ።

ቅሉን በርሜሉ ውስጥ አያስገቡ። በርሜሉ ግድግዳ ላይ የዶሮና የዓሣ ስብ አለ፤ ሲሞቅ ይተንና ቅሉ ይጠጣዋል፤ አንዴ ከጠጣው ደግሞ አይለቅም። ቅሉን በግራዋ ቅጠልና በሙቅ ውሃ አጥበው በፀሐይ በደንብ ያድርቁት። የወይራውን ስንጣሪ አንድደው ነበልባሉን እፍ ብለው ያጥፉትና ፍሙን ቅሉ ውስጥ ጨምረው አፉን ይክደኑ። እያንቀሳቀሱ ጥቂት ደቂቃ ያቆዩት፤ ሁለቴ ይድገሙት፤ ከሰሉን አራግፈው በንጹሕ ጨርቅ ይጥረጉት። ሸክላና ቅል መዓዛውን የሚይዙት ግድግዳቸው ስለሚመጥ ነው፤ ብርጭቆና ብረት ላይ ጭሱ ላዩን ብቻ ይቀመጣል፤ ፕላስቲክ ፈጽሞ አይታጠንም። የወይራ ጭስ የባክቴሪያን መራባት ያዘገያል እንጂ የሳንባ ነቀርሳንና ከከብት ወደ ሰው የሚተላለፈውን የብሩሴላን ተሕዋስያን አይገድልም፤ ወተቱ ይፈላ፣ ለብ ሲል እርሾው ይጨመርበት፣ ከዚያ የታጠነው ቅል ውስጥ ይግባ። መዓዛው ከቅሉ ስለሚመጣ ወተቱ በመፍላቱ አይጎድልም።

ለሚቀጥለው ዶሮዎ ወይራውን ለጊዜው ያቆዩትና 150 ግራም ደረቅ የኮክ ወይም የቡና ፍልጥ ብቻ ይጠቀሙ፤ የላይኛው መውጫ ክፍት፣ ሳህኑ ደግሞ ቢጫ ጥላ ብቻ ሲያሳይ። ያ ሳይመርር ከወጣ በሦስተኛው ጊዜ ሲሶውን በወይራ ይተኩት። በኮክ እንኳ ከመረረ ግን እንጨት መቀያየሩን ትተው የታችኛውን ቀዳዳ ያስፉ፤ ጥፋቱ እዚያ ነው ያለው።